ፀሐይ ያለ ጥፋቷ የተከሰሰችበት ሕመም

ፀሐይ ለሁሉ የምትወጣ አንዲት ናት፤ የሚቀበላት ገላ ግን ልዩ ልዩ ነው። በአንድ እርሻ ላይ ከጧት እስከ ማታ አብረው ከዋሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ላቡን ጠርጎ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ ሁለተኛው ፊቱ አብጦ፥ እጁም ቀልቶና ውሃ ቋጥሮ ያድራል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ፀሐይን ይከሳል። በአገራችንም ክሱ የቈየ ነው። ከምድጃ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው ትኩሳት ቢይዘው፥ ወይም ከንፈሩ ቢቈስል፥ «ምች መታው» ይባላል፤ ዳማከሴም ተጨምቆ ይጠጣል፥ ገላውም በእርሱ ይታሻል።

በዚህ አሳብ ውስጥ ምንም እውነት የለበትም ማለት አይቻልም። የከንፈርን ቍስል የሚያመጣው ተሐዋሲ፥ ቫይረስ የሚባለው፥ በብዙ ሰው ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ብርቱ ፀሐይ ያገኘው እንደ ሆነም ይነሣል። ይህ በምርመራ የተረጋገጠ ነገር ነው። እንግዲህ የቀደሙት ሰዎች ያዩት ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ፀሐይዋ የተኛውን ቀሰቀሰች እንጂ ሕመሙን አልወለደችውም። ቀስቃሹን ከምክንያቱ ለይቶ ማወቅ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ሊቃውንት የሚባሉት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተሳስተው፥ በስሕተታቸውም ብዙ ሺሕ ድኻ አልቋል።

የዚህን ነገር ታሪክ ከመናገር በፊት ስለ ብርሃን ጥቂት ማወቅ ይገባል። በ1801 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) ዮሐን ሪተር የሚባል ጀርመናዊ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከፍሎ እንደ ቀስተ ደመና ዘረጋው፤ ብርሃን ሲነካው የሚጠቍር የብር ጨውም በየቀለሙ ላይ አኖረ። ጨዉ ከሁሉ ይልቅ የጠቈረው ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ፥ ለዓይን ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ሆነ። በዚህም ሰው የማያየው ብርሃን እንዳለ ታወቀ። ዛሬ አልትራቫዮሌት ይባላል። ቆዳን የሚያቃጥለው ይህ ብርሃን ነው እንጂ ሙቀት አይደለም፤ ስለዚህ በሰሜን ተራሮች ላይ ብርድ እያንቀጠቀጠው የዋለ መንገደኛ ማታ ፊቱ ተቃጥሎ ሊያገኘው ይችላል። ከፍታ በጨመረ ቍጥር ይህ ብርሃን ይበረታልና።

የሰው ቆዳ ደግሞ ራሱን የሚጋርድበት ቀለም አለው፤ ሜላኒን ይባላል። ቀለሙ የበዛለት ይታገሣል፥ ያነሰበት ቶሎ ይቃጠላል። ብዙ ሰዓት ፀሐይ ላይ የዋለ ነጭ ሰው ቢቀላ ይህ ሕመም አይደለም፥ የብርሃን ተራ ሥራ ነው። ሕመም የሚባለው ሌላውን ሰው በማይጎዳው ጥቂት ብርሃን አንዱ ሲጎዳ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ መጠየቅ የሚገባው «ፀሐይ ምን አደረገች?» ተብሎ ሳይሆን «በዚህ ሰው ቆዳ ውስጥ ምን አለ? ወይስ ምን ጐደለ?» ተብሎ ነው።

ለጐደለው ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ፔላግራ የተባለው ሕመም ነው። በ1735 ዓ.ም. በእስጳንያ ሰሜን በአስቱርያስ አውራጃ ይሠራ የነበረ ጋስፓር ካሳል የሚባል ሐኪም፥ በድኾች ገበሬዎች ላይ በየዓመቱ በጸደይ የሚነሣ አንድ ሕመም አስተዋለ። የእጃቸውና የእግራቸው ጀርባ ይቀላል፥ ቀጥሎም ይጠቍራል፥ ይሰነጠቃል፥ ይላጣል። በአንገታቸው ዙሪያ ቍስሉ እንደ ድሪ ይዞራል፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ ድረስ ሐኪሞች ይህን ምልክት «የካሳል ድሪ» ይሉታል። የአገሩ ሰዎች ሕመሙን በቅላቱ ምክንያት የጽጌረዳ ሕመም ይሉት ነበር። ከቆዳው ቀጥሎ ተቅማጥ ይመጣል፤ ከተቅማጡ ቀጥሎ አእምሮ ይታወካል፤ መጨረሻው ሞት ነው። ካሳል ጠንቃቃ ሰው ስለ ነበረ አንድ ነገር ጨምሮ ጻፈ፤ ሕሙማኑ ሁሉ የሚኖሩት በበቆሎ ነው፥ ሥጋም የሚያገኙት ከስንት አንድ ቀን ነው አለ። መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1762 ዓ.ም. ነው።

በኢጣልያም ሕመሙ በዛ። በ1771 ዓ.ም. በሚላኖ ፍራንቼስኮ ፍራፖሊ የሚባል ሐኪም ፔላግራ ሲል ስሙን ጻፈው፤ ትርጓሜውም ሻካራ ቆዳ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከኢጣልያ ሐኪሞች አንዳንዶቹ ምክንያቱ የጸደይ ፀሐይ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱ እውነት ይመስል ነበር፤ ምስክሩ ቆዳው ራሱ ነበረና። ገበሬው ክረምቱን በቤቱ ከርሞ በጸደይ እጁን ገልጦ ወደ እርሻ ሲወጣ ሕመሙ ይጀምራል፤ ቍስሉም እጅጌው ከሚያበቃበት ላይ በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ሆኖ ይቀራል። ከልብስ በታች ያለው ገላ ደኅና ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል? ነገር ግን ፀሐይ ጥፋተኛ ከሆነች፥ በዚያው እርሻ ዳር በፈረስ የሚዞረው ባለ ርስት ለምን አልታመመም? ይህን የጠየቁት ጥቂቶች ነበሩ። ድኻውም ከፀሐይ ሽሽ ተብሎ ቢታዘዝ፥ ካልሠራ አይበላምና፥ ለመታመሙ ምክንያት የሆነውን ረኀብ ያበዛበት ነበር።

በቆሎ፥ በአገራችን በጥንቱ አጠራር የባሕር ማሽላ የተባለው፥ ወደ ኤውሮጳ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። የሜክሲኮ ሰዎች ግን ብዙ ሺሕ ዘመን በበቆሎ ሲኖሩ ፔላግራ አላጠፋቸውም። ምክንያቱ የሴቶቻቸው ብልሃት ነው። እነርሱ በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት በኖራ ውሃ ይቀቅሉታል፥ ያሳድሩታልም፤ ኖራውም በእህሉ ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን አንድ ጠቃሚ ነገር ይፈታዋል። እስጳንያውያን እህሉን በመርከብ ጭነው ወሰዱ፤ ባልትናውን ግን ትተውት ሄዱ። እህልን ከባልትናው ለይቶ የወሰደ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው፤ ይህን ማንኛዪቱም ባለሙያ ሴት ልትነግራቸው ትችል ነበር።

ሕመሙ ዞሮ ዞሮ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በ1906 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት ለጥቍሮች በተሠራ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ታመመ፤ ከዚያ በኋላ በደቡብ ክፍለ አገሮች ሁሉ ተገለጠ። እስከ 1940 ድረስ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ መቶ ሺሕ ያህልም እንደ ሞተ ይገመታል። በዚያን ጊዜ የወባና የሌላው ሁሉ በሽታ ተሐዋሲ በማይክሮስኮፕ እየተገኘ ስለ ነበረ፥ ሐኪሞች ፔላግራም የሚጋባ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ሕሙማኑ ይፈሩ ጀመር። ስለ ቍስላቸው የሚሸሹአቸው፥ ልጆቻቸውንም ከትምህርት ቤት የሚያርቁባቸው ሰዎች በዙ።

በ1914 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ነገሩን እንዲመረምር ዮሴፍ ጎልድበርገርን ላከ። ይህ ሰው በሕንጋርያ ግዛት በ1874 የተወለደ፥ በልጅነቱም ከወላጆቹ ጋር ወደ ኒውዮርክ የተሰደደ የአይሁድ ወገን ነበር። ወደ ሕሙማን ቤቶችና ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ሄዶ ሲመለከት፥ ያየው ነገር ማይክሮስኮፕ የማያስፈልገው ነበር። ሕሙማኑ ይታመማሉ፤ እነርሱን የሚያጥቡ፥ የሚያለብሱ፥ ከእነርሱ ጋር የሚውሉ አስታማሚዎች ግን አይታመሙም። የሚጋባ በሽታ ሰውን መርጦ ይተዋል ወይ? ደግሞም ፀሐይዋ ለሁለቱም አንዲት ናት። የተለየው የሚበሉት ነበር። ለሕሙማኑ የበቆሎ ገንፎና የዐሣማ ስብ ይቀርባል፤ አስታማሚዎቹ ወተትና ሥጋ ያገኛሉ።

ስለዚህ በሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ከተማ ባሉ ሁለት የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ለልጆቹ ወተት፥ እንቍላል፥ ሥጋና ባቄላ እንዲሰጣቸው አደረገ። በሚመጣው ጸደይ ልጆቹ እንደ ፊተኛው በዚያችው ፀሐይ ሥር ተጫወቱ፤ ሕመሙ ግን ከጥቂት በቀር ጠፋ። ቀጥሎ በ1915 በዚያው ግዛት በራንኪን የእስር ቤት እርሻ፥ ደኅና የነበሩ ዐሥራ አንድ እስረኞች ምሕረት ሊሰጣቸው ተስፋ ተገብቶላቸው፥ የድኻውን የበቆሎ ምግብ ብቻ እንዲበሉ ተስማሙ። ከመንፈቅ በኋላ ስድስቱ ፔላግራ ያዛቸው። በነጻነት ዋጋ የእስረኛን ሕመም መግዛት ዛሬ ማንም የሚያመሰግነው ሥራ አይደለም፥ በዚያን ጊዜም ሊመሰገን አይገባውም ነበር። የተገኘው ማስረጃ ግን የማይናወጥ ነበር።

ይህም ሆኖ ብዙ ሐኪሞች አላመኑም። ስለዚህ ጎልድበርገር በ1916 ዓ.ም. በሌላ ሰው ሳይሆን በራሱ ላይ ፈረደ። እርሱና ጓደኞቹ፥ ሚስቱም ሜሪ ጭምር፥ የሕሙማንን ደም በመርፌ ወሰዱ፤ እርሱና ጓደኞቹ ከዚያም አልፈው ከቍስል የተላጠውን ቅርፊትና የሕሙማኑን ዓይነ ምድር በዱቄት ጠቅልለው ዋጡ። መስማቱ እንኳ የሚያስጠላ ነገር ነው። ከእነርሱ አንድም ሰው በፔላግራ አልታመመም። የሚጋባ በሽታ አለመሆኑ በዚህ ተገለጠ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ተቃዋሚ የሐኪሞች ክርክር ሳይሆን ኵራት ነበር። ጎልድበርገርና ኤድጋር ሲደንስትሪከር የተባለ የምጣኔ ሀብት ዐዋቂ በደቡብ ካሮላይና በጥጥ ፋብሪካ መንደሮች ቤት ለቤት ዞረው፥ ገቢው ያነሰ ቤተሰብ ሕመሙ እንደሚበዛበት በቍጥር አሳዩ። በ1921 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ በደቡብ ረኀብ አለ ብሎ ርዳታ እንዲሰጥ ባሳሰበ ጊዜ፥ የደቡብ ሹማምንት ስማችን ጠፋ ብለው ተቈጡ። ፀሐይ ወይም ተሐዋሲ ጥፋተኛ ቢሆን የሚያፍር ሰው አልነበረም፤ ረኀብ ጥፋተኛ ሲሆን ግን ደመወዝ የሚከፍለውና እርሻ የሚያከራየው ሁሉ ይጠየቃል። ለሕመም ሐሰተኛ ምክንያት የሚወደደው ብዙ ጊዜ ስለዚህ ነው።

በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ አገር ባጠፋ ጊዜ፥ በጎልድበርገር ምክር ቀይ መስቀል ለተጎዱት የቢራ እርሾ አደለ፤ ርካሽ የሆነው እርሾ ሕመሙን እንዲያድን አስቀድሞ ተፈትኖ ነበርና። እርሱ ግን በእርሾው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ በ1929 ሞተ። በ1937 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ኮንራድ ኤልቬጄም የሚባል ሊቅ አገኘው፤ ይኸውም ዛሬ ናያሲን የሚባለው ቪታሚን ነው። በሰው ገላ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሕዋስ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበት፥ የተጎዳውንም የሚጠግንበት መሣሪያ ከዚህ ቪታሚን ይሠራል። መጠገኛው ያለቀበት ቆዳ ፀሐይ ያገኘው እንደ ሆነ ይቃጠላል። በቆሎ ይህ ቪታሚን የለውም ማለት አይደለም፤ አለው፥ ነገር ግን የሰው ሆድ ሊፈታው በማይችል ቋጠሮ ታስሯል። ኖራው የሚፈታው ይህን ቋጠሮ ነው።

ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ከሆነ በኋላ በ1990 ዓ.ም. ከሞዛምቢክ ጦርነት ሸሽተው በማላዊ በተጠለሉት ስደተኞች ላይ ፔላግራ ተነሣ፤ በዚያች ዓመት ከ17,000 የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ። ለስደተኞቹ ከበቆሎ ጋር ይታደል የነበረው ለውዝ ስለ ቀረ ነው። በቆሎው አልተቋረጠም፤ ሆዳቸውም ባዶ አልነበረም። በቆሎን ከሽሮ፥ ከባቄላ፥ ከወተት ወይም ከሥጋ ጋር የሚበላ ሰው ይህ ሕመም አያሠጋውም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጐደለ ነገር ነው። አሁን ደግሞ በቆዳ ውስጥ የማይገባው ነገር ሲገባ ምን እንደሚሆን ይነገራል። በሙኒክ ከተማ ኦስካር ራብ የሚባል ተማሪ በመምህሩ በሄርማን ፎን ታፐይነር ዘንድ ሆኖ፥ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ፓራሜሲየም የተባሉ ነፍሳትን አክሪዲን በሚባል ቀለም ይፈትን ነበር። አንድ ቀን ነፍሳቱ ቶሎ ይሞታሉ፤ በሌላ ቀን ያው ቀለም በዚያው ልክ ተጨምሮባቸው ብዙ ይቈያሉ። ተማሪው ሚዛኑ የተሳሳተ ነው ብሎ አልተወውም፤ በሁለቱ ቀኖች መካከል ምን ልዩነት ነበረ ብሎ አሰበ። ልዩነቱ ብርሃን ሆኖ ተገኘ። ቀለሙ ብቻውን ብዙ አይገድልም፥ ብርሃኑም ብቻውን አይገድልም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ይገድላሉ። ይህ በ1900 ዓ.ም. ታተመ። በ1912 ፍሪድሪክ ማየር ቤትስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ከደም ቀለም የሚወጣውን ሄማቶፖርፊሪን የተባለ ነገር 0.2 ግራም በገዛ ደሙ ውስጥ አስገባ፤ ከዚያም ወደ ፀሐይ በወጣ ጊዜ ፊቱና እጆቹ ተለይቶ እስከማይታወቅ ድረስ አበጡ፥ ብዙ ወርም ፀሐይ አልተስማማውም። ከዚህ ነገር የሚዛመደው ፖርፊሪን በገላቸው የሚከማችባቸው፥ ከልደታቸው ጀምሮ እንዲህ ያለውን መከራ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ።

እረኞች ግን ከሊቃውንት በፊት ይህን ያውቁ ነበር። በአገራችን ደጋ ከሚበቅለው ከአሜጃ ወገን የሆነ ሃይፐሪከም የሚባል ተክል በኤውሮጳና በአውስትራልያ መስክ ላይ ይገኛል። ከእርሱ የጋጡ ነጭ በጎች ፊታቸውና ጆሮአቸው ያብጣል፥ ይቈስላል፤ በዚያው መስክ የተሰማሩት ጥቍር በጎች ግን አይነካቸውም። ተክሉ በሁለቱም ሆድ ገብቷል፤ ጥቍሩን ቀለሙ ጋረደው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የደቡብ አፍሪካ በጎች ነገር ነው። ኩርንችት፥ ያ በምድር ላይ ተዘርግቶ ብጫ አበባ የሚያወጣው፥ ፍሬውም ባዶ እግር የሚወጋው ተክል፥ በካሩ በረሃ በጎችን ያሳብጣል። የአገሩ ሰዎች ሕመሙን በቋንቋቸው «ብጫ ወፍራም ራስ» ይሉታል። በ1930ዎቹ በኦንደርስትፖርት የእንስሳት ምርመራ ቤት ሪሚንግተንና ኲን የተባሉ ሊቃውንት ምክንያቱን አገኙ። የሣር ልምላሜ በበግ ሆድ ውስጥ ሲብላላ አንድ ቀለም ይወጣዋል፤ ጤነኛ ጉበት ይህን ቀለም በሐሞት አድርጎ ያስወግደዋል። ጉበቱ የታመመ እንደ ሆነ ግን ቀለሙ በደም ተሸክሞ እስከ ቆዳ ይደርሳል፥ በዚያም ፀሐይን ይጠብቃል። በጉን ያቃጠለው በየቀኑ የሚግጠው ለምለም ሣር ነው ማለት ነው። ቆዳ ላይ የታየው ሕመም ሥሩ በጉበት ነበረ።

በሰው ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ከውጭም ይመጣል። ሎሚ ሲጨምቅ ቈይቶ እጁን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው፥ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ጭማቂው የነካው ስፍራ ቀልቶ ውሃ ይቋጥራል፤ በኋላም ቡናማ ምልክት ጥሎ ብዙ ሳምንት ይቈያል። የበለስ ቅጠል ወተትና የጤና አዳም ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ፕሶራለን የሚባል ነገር በውስጣቸው አለና። ሕመሙ በዚያው ቀን ስለማይታይ ብዙ ሰው ከሎሚው ጋር አያገናኘውም፤ አንዳንድ ጊዜም በልጅ ገላ ላይ የታየው የጣት ምልክት የዱላ ምልክት መስሎ ወላጆችን ያስጠረጥራል። ጤና አዳም በቡና ላይ የሚጨምር ሰው ከዚህ የተነሣ አይፍራ፤ የሚያሠጋው ጭማቂውን ለሕፃን ገላ ቀብቶ በፀሐይ ማዋል ነው። ግብፃውያን ግን ይህንኑ ጉዳት ለፈውስ ለወጡት። በአባይ ሸለቆ የሚበቅል ፕሶራለን ያለበት አንድ የተክል ዘር፥ ቆዳው ለነጣ ሰው ተሰጥቶት ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ቀለሙ እንደሚመለስ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኢብን አል በይጣር ጽፎታል፤ በ1940ዎቹም የግብፅ ሐኪሞች ቅመሙን ከዘሩ ለይተው አውጥተው ፈተኑት። ዛሬ በብዙ አገር የቆዳ ሐኪሞች ያንኑ ቅመም ከተመጠነ ብርሃን ጋር ይሰጣሉ።

መድኃኒቶችም ይህን ያመጣሉ። ለወባ መከላከያና ለሌላም ሕመም የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን፥ የሰልፋ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች፥ ለደም ብዛት የሚዋጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በአንዳንድ ሰው ላይ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ። መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ፀሐይ ያልተስማማው ሰው የሚውጠውን ለሐኪሙ ያሳይ፤ ሳይጠይቅ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ የደም ብዛት መድኃኒት ከማቋረጥ የሚመጣው አደጋ ከቆዳው መቅላት ይብሳልና።

ከዚህ ሌላ ከልደት የሚመጣ አለ። በ1874 ዓ.ም. በቪየና ሞሪትስ ካፖሲ የሚባል ሐኪም፥ ገና በሕፃንነታቸው ፊታቸው በጥቍር ነጠብጣብ የሚሞላ፥ ቆዳቸውም እንደ ሽማግሌ ቆዳ የሚደርቅ ልጆችን ጻፈ። እነዚህ ልጆች ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው የቆዳ ነቀርሳ ይይዛቸዋል። በ1968 በካሊፎርኒያ ጄምስ ክሊቨር ምክንያቱን አገኘ፤ ፀሐይ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን የዘር ጽሕፈት ታበላሸዋለች፤ በጤነኛ ሰው የተበላሸው ወዲያው ይታረማል፤ በእነዚህ ልጆች ግን አራሚው የለም። ሕመሙ የሚወረሰው ከአባትም ከእናትም ወገን ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ዘመድ ከዘመድ በሚጋባበት አገር ይበዛል። በአገራችን ሰባት ቤት ቈጥሮ ማጋባት የቈየ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ ለሌላ ዓላማ የተሠራ ቢሆንም እንዲህ ካለው ውርስ ይጠብቃል። ልጆቹ ቀን በጨለማ ቤት ተሰውረው ማታ ስለሚጫወቱ በአንዳንድ አገር የጨረቃ ልጆች ይባላሉ።

በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ሜላኒን ሳይኖረው ወይም በጣም አንሶት የሚወለድ ልጅ ነው፤ አልቢኖ የሚሉት ነው። ከጥቍር ወላጆች ነጭ ልጅ ሲወለድ እናቲቱ በሐሜት ትጎዳለች፥ ልጁም እንደ እርግማን ይቈጠራል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አባትም እናትም ሳያውቁት የያዙት ውርስ በልጁ ላይ ተገናኝቶ ነው፤ እናቲቱ ምንም አላጠፋችም። ቀለሙ በዓይን ውስጥም የሚያስፈልግ ስለ ሆነ ልጁ ዓይኑ ይደክማል፥ ብርሃንም ያጭበረብረዋል። ፊደሉን ሳያውቅ የቀረው ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን ሰሌዳው ስለማይታየው መሆኑን ያላስተዋለ መምህር በከንቱ ይቀጣዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የቆዳ ነቀርሳ ነው፤ በአፍሪካ እንዲህ ሆነው ከተወለዱት ብዙዎቹን በጐልማስነታቸው የሚገድላቸው እርሱ ነው። ነገር ግን ከልጅነት ጀምሮ ከተጠበቀ ሊቀር የሚችል ሞት ነው።

ከፀሐይ የተነሣ የመጣ ሕመም በሚታይበት ስፍራ ይታወቃል። ግንባር፥ አፍንጫ፥ ጉንጭ፥ የአንገት ዙሪያና የእጅ ጀርባ ይጎዳሉ፤ ከአገጭ በታችና ከጆሮ ኋላ ያለው፥ ጥላ የሚያርፍበት ገላ ግን ይድናል። እንዲህ ያለውን ሰው ያየ ሐኪም ምን እንደሚበላ፥ ምን እንደሚውጥ፥ ምን እንደ ተቀባ፥ ዘመዶቹም እንዴት እንደ ሆኑ ይጠይቃል። ፊቷ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ የቀላ፥ ጕልበቷንና ጣቶቿን የሚያማት ሴት እንደ ሆነች፥ ሉፐስ የሚባለውን፥ ፀሐይ የሚያብሰውን ሕመም ይጠረጥራል፥ ደሟንም ያስመረምራል። ትኩሳት ያለበትን ሰው ግን ምች ነው ብሎ በቤት ማቈየት አይገባም፤ ወባም እንዲሁ ይጀምራልና።

አልቢኖ ሆኖ የተወለደ ልጅ እጅጌው እስከ አንባር፥ ሱሪው እስከ ቍርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ ይልበስ። ባርኔጣው ጆሮውንና ማጅራቱን የሚጋርድ ዙሪያው ሰፊ ይሁን፤ የፊት ክንፍ ብቻ ያለው ቆብ ጆሮን አይሸፍንም፥ ነቀርሳውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጆሮ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የተገኘ እንደ ሆነ ከመውጣቱ በፊት ይቀባ። ከአራት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ከብት ወደ ሜዳ እንዲያወጣ አይላክ፤ የቤት ሥራ ወይም የማታ ሥራ ይሰጠው። የማይድን ቍስል በገላው ላይ ወር የቈየ እንደ ሆነ ለሐኪም ይታይ። በትምህርት ቤትም ከሰሌዳው አጠገብ በመጀመሪያው ወንበር፥ መስኮቱ ከበስተኋላው እንዲሆን ተደርጎ ይቀመጥ፤ በሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ጊዜም በጥላው በኩል ይቁም።